የእማሆይ ደብሪቱ «አልገባኝም»

ልጅ ሳለሁ በእሳት ዳር የሰማሁትን ነገር ዛሬ በአደባባይ ማውራቴ ከያዝሁት ወንበር ክብር በታች መሆኑን አውቃለሁና፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የትምህርት ባለሙያ ነኝ። ደብረ ታቦር ውስጥ በየአዳራሹ ስለ ትምህርት ጥራት ተናግሬአለሁ፤ ሰዎችም ምሳ እስኪደርስ ድረስ በትዕግሥት አድምጠውኛል። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ጅብ፣ ስለ ድንችና ስለ አንዲት መነኩሴ ሲያወራ መገኘቱ ያሳፍራል። ግን ስለ ትምህርት በእርግጥ የማውቀው ይህንኑ ብቻ ስለሆነ፣ ምን ላድርግ?

ቤታችን ከጉና ሥር ነበር። ያኔ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ስትገባ ብርዱ እንደ ባለዕዳ ፈላጊ በየበሩ ስለሚመጣ፣ እኛ ልጆች በጎቹን አስገብተን ስናበቃ በቀጥታ ወደ እማሆይ ደብሪቱ ጎጆ እንሮጥ ነበር። እማሆይ የአባቴ አክስት ናቸው፤ ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ጣራ ገዳም ተሳልመው የሚመለሱ፣ በቀረው ጊዜ ግን ከምድጃቸው ዳር የማይነሡ ሴት ነበሩ። የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል፤ ኩራዙ ከግድግዳው ላይ ጥላሸቱን እየተፋ ይርገበገባል፤ ከፍሙ ሥር ደግሞ ድንች ተቀብሮ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ይሰማል።

«ተረት ተረት» ይላሉ።

«የላም በረት!» እንላለን።

ሌላ ተራኪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ይነሣል፤ ተረቱን የሚመልስለት ግን የለም፤ እሱም አይጠብቅም። እማሆይ ይጠብቁ ነበር። «ዳቦውን ተዉት፤ ጥርስም የለኝ። ተረቴን ግን መልሱ» ይላሉ። አንዳችን ተረቱን ከራሳችን አፍ መልሰን ካልነገርናቸው ድንቹ ከአመዱ አይወጣም። ስንነግራቸውም «ለምን?» «ከዚያስ?» «እሱ አልገባኝም» እያሉ ያስቆሙናል። ያኔ እኔ ይህን የእርጅና ነገር አድርጌ ነበር የማየው፤ እንዴት ሰው የራሱ ተረት አይገባውም?

ትምህርት ቤታችን ከእማሆይ ጎጆ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። እኔና እኅቴ ይታይሽ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። እሷ ታላቄ ናት፤ እናታችን ስትታመም ቤቱን ይዛ ስለቆየች ከእኔ እኩል ሆነች። የምንቀመጠው ድንጋይ ላይ ነው፤ መጽሐፉ ለብዙዎቻችን አንድ ስለሆነ፣ ከጎን የተቀመጠ ልጅ ፊደልን ከጎን ማንበብ ይለምዳል። አስተማሪያችን መምህር ሙላት የተማሩት ጂኦግራፊ ነበር፤ የሚያስተምሩት ግን ፊዚክስ ነው፤ የፊዚክስ ሰው ጠፍቶ «አንተ ወጣት ነህ፣ ትችለዋለህ» ተብለው ተሰጣቸው። እሳቸውም ችለውት ነበር፤ ሰሌዳው እስኪሞላ ይጽፉና ዞር ብለው «ገባችሁ?» ይሉናል።

«አዎ ቲቸር፣ ገብቶናል!»

የዚህ ዝማሬ አውራጅ እኔ ነበርሁ። ዛሬም ድረስ እኮራበታለሁ። «እፍጋት ማለት መጠነ ቁስ ሲካፈል ለይዘት ነው» ሲባል እፍጋት የሚባለው ነገር ይብላ ይጠጣ አላውቅም፤ ነገር ግን ከእኔ ጮክ ብሎ የገባው ልጅ በዚያ ክፍል አልነበረም።

አንድ ምሽት እማሆይ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ «እናንተ» አሉን፤ «በየቀኑ ከዚያ ጉብታ ‹ገባችሁ?› ሲባል እሰማለሁ፤ እናንተም ‹ገብተናል› ትላላችሁ። ምን ውስጥ ነው የምትገቡት?»

«ገብተናል አይደለም እማሆይ፤ ገብቶናል ነው። ትምህርቱ ነው የሚገባን» አልኋቸው በክብር።

«እሱ ነው የሚገባችሁ? እንግዲያ ስሙኝ» አሉና ጀመሩ። «አንድ ጅብ ነበር። የእረኛውን ድምፅ አጥንቶ፣ ሲመሽ ከጉረኖው ደጅ ቆሞ ‹በጎቼ፣ ገባችሁ?› ይላል። በጎቹም ባንድ አፍ ‹ገብተናል!› ይሉታል። ‹እሰይ፣ እራቴ ተሰብስቧል› ብሎ በሩን ገፍቶ አንዱን ይበላል። በማግሥቱም እንደዚያው። ድምፁ እያነሰ እያነሰ ሄደ፤ መልሱ ግን አልተለወጠም። አንድ ቀን አንዲት ጠቦት ‹ቆይ እስቲ፣ እረኛችን በየስማችን ነው የሚጠራን፤ እኔን ማን ትለኛለህ?› አለችው። ጅብ የእራቱን ስም አያውቅም። ሲያስብ፣ ሲያስብ፣ ባለቤቱ ከነውሻው ደረሰበት። በሉ፣ ተረቴን መልሱ።»

እኔ ፈጥኜ «ተረቱ የሚያስተምረን ጅብ ክፉ መሆኑን ነው» አልሁ። ድንቹ አልወጣም።

ይታይሽ እሳቱን እያየች፣ «በጎቹን ያስበላቸው በሩ አይደለም፤ መልሳቸው ነው» አለች።

ትልቁን ድንች ሰጧት።

በማግሥቱ መምህር ሙላት እፍጋትን ጽፈው ሲጨርሱ «ገባችሁ?» አሉ። አወረድሁ፤ ክፍሉ ተቀበለኝ። ዝማሬው ሲያበቃ የእኅቴ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ክፍል ተሰምቶ ስለማይታወቅ መጀመሪያ ማንም አልሳቀም።

«ምኑ ነው ያልገባሽ?»

«እፍጋት።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከ‹ማለት› ጀምሮ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህር ሙላት ፊታቸው ደም መሰለ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከፍ ባለ ድምፅ ደገሙት። «አሁንስ?»

«አሁንም አልገባኝም፤ ግን በደንብ ተሰምቶኛል።»

አስወጧት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ገባ፤ «ልጅህ አስተማሪ ደፈረች» ብለው ለአባቴ ነገሩት። የዚህ ዓይነት ወሬ ደግሞ እግር አለው፤ ሐሙሲት ገበያ ደረሰ። ሳምንት ሳይቆይ ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ቤታችን መጡ። ሐሙሲት አስፋልት ዳር ቤትና አንድ ሚኒባስ ያለው ሰው ለልጁ ይታይሽን ይፈልጋል፤ ትምህርቱም እንዳልሆነላት ሰምቷልና ጊዜው አሁን ነው፤ ነገሩ ይህ ነበር። ይታይሽ ከጓዳ በር ቆማ ትሰማለች። አባቴ እንደ ወጉ አክስቱን እማሆይን ከጎኑ አስቀምጧል።

«የመጣነው ለበጎ ነው እማሆይ» አሉ የሽማግሌዎቹ አፍ የነበሩት አያ ተገኘ። «ሠርጉን ከዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ብናደርገው ብለን ነው።»

«ደግ። የሚኒስትሪ ፈተናዋስ መቼ ነው?»

«እሱማ ሰኔ ነው አሉ።»

«ሠርጉ ከፈተናው በፊት ማለት ነዋ። አልገባኝም።»

«እማሆይ፣ ካገባች በኋላም እኮ ትማራለች! ማን ይከለክላታል?»

«እሰይ። ያንተ ታላቂቱ ልጅ ካገባች በኋላ ስንተኛ ደረሰች?»

አያ ተገኘ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሷማ… ያው ልጅ ያዘች።»

«አልገባኝም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ሊያግዙ ገቡ። «እማሆይ እርስዎ ወጉን ያውቃሉ። ሴት ልጅ ስትቆይ ቆማ ትቀራለች ብለን ነው የምንፈራው።»

«የሚማሩት ተቀምጠው መሰለኝ። አልገባኝም።»

ከጓዳ በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አያ ተገኘ ቸግሯቸው ወደ አባቴ ዞሩ። «አንተ እንኳ አስረዳልን እንጂ! እሳቸው እንደሁ ሆነ ብለው ነው።»

አባቴ የሽማግሌ ቃል ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ያኔ ግን ወደ ምድጃው ጎንበስ ብሎ ፍሙን ከአመዱ ገለጠ። ከዚያ «ላስረዳ ብዬ ነገሩን በሆዴ ብመልሰው» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔም አልገባኝም።»

ይሁን እንጂ የመጣ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስምና ቃል ሰጠ፤ ፈተናውን ካለፈች ትማራለች፤ ከወደቀች ግን ሐምሌ ላይ ለሐሙሲቱ ሰው ልጅ ይድራታል። አባቴ ቃል ከሰጠ ሰጠ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ ደብተሯን አንሥታ ወደ እማሆይ ጎጆ ሄደች። እኔም ተከተልሁ፤ ድንች ይኖራል ብዬ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ተረት ቀረ። በተረቱ ፋንታ ይታይሽ ቀን የተማርነውን ለእማሆይ ትመልስ ጀመር፤ እማሆይም በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ በላይ የማይገባቸው ሰው ሆኑ። ዕድሜ ልካቸውን ትምህርት ቤት ስላልገቡ፣ በይሉኝታ ራሳቸውን የሚነቀንቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሌሎችም ልጆች እየተጨመሩ ጎጆዋ ጠበበች።

አንድ ምሽት በሩን ጎንበስ ብሎ የገባ ሰው ኩራዙን ሊያጠፋው ደረሰ። መምህር ሙላት ነበሩ። ሊከሱን የመጡ መሰለን። እሳቸው ግን መሬት ቁጭ አሉና «እማሆይ» አሉ፣ «ይቺ ልጅ ከ‹ማለት› ጀምሮ አልገባኝም ስትል ተናደድሁ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ገልጬ ሳየው፣ ለካ እኔም ከ‹ማለት› ጀምሮ ነው።»

«ድንች ውሰድ ልጄ» አሉ እማሆይ። ከዚያ እጃቸውን መለሱ። «አይ፣ ቆይ። መጀመሪያ መልስ።»

መለሱ። አልገባቸውም። ደግመው መለሱ፤ አልገባቸውም። ላብ አጠመቃቸው፤ በጉና ብርድ ላብ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በመጨረሻ ይታይሽ ከጥግ የነበረውን ቁና አመጣች።

«እማሆይ፣ በዚህ ቁና ሙሉ ገብስ፣ በዚሁ ቁና ሙሉ ገለባ ብሰፍር፣ የቱን ይሸከሙልኛል?»

«ገለባውን ነዋ!»

«ቁናው አንድ አይደል?»

«ቁናውማ አንድ ነው። ገብሱ ግን ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ገለባው አየር ነው።»

«እፍጋት ማለት እሱ ነው።»

እማሆይ ይታይሽን አዩ፤ መምህሩንም አዩ። «ይህን ለማለት ነው ያን ሁሉ ቀን የጮኻችሁት?» አሉና ድንቹን ከአመዱ አወጡት። መምህር ሙላት ግማሹን በሉ፤ ግማሹን ለይታይሽ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ሰሌዳው ከሞላ በኋላ «ገባችሁ?» ማለታቸውን ትተው «ማን ይመልሳል?» ይሉ ጀመር። ለእኔ ያ ወቅት ክፉ ነበር፤ ሥራዬን አጣሁ።

ይታይሽ አለፈች። እኔም በጥቂቱ አለፍሁ። አባቴ ሐሙሲት ድረስ በእግሩ ሄዶ ቃሉ መፈጸሙን ነገረ። የሚኒባሱ ቤት ሌላ ሙሽራ አገኘ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ከትምህርት ቤታችን ብዙ ልጅ ማለፉ ከአንድ ጽሕፈት ቤት ጆሮ ገባ፤ ሰዎችም በመኪና መጡ። ፎቶ አነሡ፤ ነገሩ «ምርጥ ተሞክሮ» ተባለ፤ ተሞክሮም ይቀመራል፣ ይሰፋል። በየትምህርት ቤቱ አንዲት እማሆይ እንድትመደብ ተወሰነ። አንዱ ትምህርት ቤት ያገኛቸው መነኩሴ እጅግ ትሑት ስለነበሩ፣ ሁሉን ነገር «ገብቶኛል ልጄ፣ ይባርክህ» እያሉ አንድ ወር ተቀመጡ። ሌላው ጋ መነኩሴዋ ከመምጣታቸው በፊት በአበላቸው ጉዳይ ውይይት ተጀመረ፤ እስካሁን እንዳላለቀ እሰማለሁ።

የእኛዋን እማሆይ ደግሞ በአካባቢው መምህራን ሁሉ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ከጽሕፈት ቤቱ የመጡት ሰው ረዥም ማብራሪያ ሰጡና በመጨረሻ «እንግዲህ የተሞክሮው ምንነት ገባችሁ?» ሲሉ፣ መምህራኑ ሁሉ ባንድ አፍ «ገብቶናል!» አሉ።

«እኔ አልገባኝም» አሉ እማሆይ።

ሁሉም በፍቅር ሳቀ። እማሆይ ተጨማሪ ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው ተመዘገበ።

እማሆይ ካረፉ ቆይተዋል። ይታይሽ ዛሬ ከጉና ማዶ አስተማሪ ናት። ድንጋዩ በወንበር የተተካው በግማሽ ነው፤ መጽሐፉ ዛሬም ከጎን ይነበባል፤ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት ግን ልጆቹን በየቤቱ ምድጃ ዳር እየሰበሰበች ስታስመልሳቸው ከረመች። ደሞዙ ሲዘገይም፣ መንገዱ ሲቆረጥም ማስመለሷ አልተቋረጠም። ባለፈው ለክትትል ስሄድ የምታደርገውን ሁሉ አስረዳችኝ፤ እኔም በሙያዬ ልማድ «ገብቶኛል» አልኋት።

«እንግዲያ መልሰው» አለችኝ።

በልጆቹ ፊት ነው። ጀመርሁ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ፍንጭት ልጅ እጇን አወጣችና «ጋሼ፣ አልገባኝም» አለች። «ከየት ጀምሮ?» አልኋት። ይታይሽ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ያን ቀን ድንች አልበላሁም። ግን ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስመልሰው መጣሁ፤ ደብረ ታቦር ስደርስ ጥቂቱ ገብቶኝ ነበር።

ከልጅነቴ የቀረኝ ይኸው ነው፦ የጭሱ ሽታ፣ የአመድ ድንች፣ እና ሦስት ሽማግሌ የመለሰች አንዲት ቃል። ወጉ «ተረቴን መልሱ» ብዬ እንድጨርስ ያዝዘኛል። እኔ ግን እለምናችኋለሁ፤ ይህን አትመልሱት። ለጎረቤትም አትንገሩ፤ በተለይ በጽሕፈት ቤቶች አካባቢ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ወሬው ከደረሰ ዳግመኛ ይቀመራል፤ ከተቀመረ ይሰፋል፤ ከሰፋ ደግሞ ያቺ ፍንጭት ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሠለጥናለች። አፌን እንደሆነ እኔው ራሴ አብሰዋለሁ። አደራ፣ ለማንም።

ገባችሁ?