ፍሪስኮ ላይ ጫማዬን ያወለቅኩ ቀን

በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ ልጄ «ማሚ፣ ሮድ ትሪፕ ልውሰድሽ» ስትለኝ ደስ አላለኝም፤ ስጋት ገባኝ። ልጄ ፕሌኖ ከተማ ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ደክማ ቅዳሜ እስከ ቀትር ትተኛለች። እንዲህ ያለች ልጅ በማለዳ ተነሥታ ውሃና ብርቱካን መኪና ውስጥ ስትጭን እያየ፣ ምን ፈልጋ ነው የማይል ሞኝ ነው።

ጥርጣሬዬ የዚያን ቀን አልጀመረም። ከጥቂት ሳምንት በፊት እጇ ላይ ቀይ ክር አስራ መጣች። የኛ ክር የሚታሰረው አንገት ላይ ነው። ማተቧ እንዳለ ተኝታ ሳለች ገለጥ አድርጌ አይቻለሁ። የእጇን ግን አላወቅኩትም።

«የጓደኛዬ እናት አሰረችልኝ፣ ለበረከት» አለች።

«ጓደኛሽ ወንድ ነው ሴት?»

«ማሚ፣ ተይው በቃ።»

ያኔ ገባኝ። እንዲህ ያለ ክር የህንድ ባለሱቆች እጅ ላይ አይቻለሁ፤ ወንድ ነው፣ ህንድ ነው።

አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ሰውየው ህንድ መሆኑ አይደለም የሚያስፈራኝ። ውሎ አድሮ ማተቧን ያስበጥሳታል፣ የልጅ ልጆቼ ክርስትና ሳይነሱ ያድጋሉ፣ እኔም ስሞት ፍትሐት የሚያስደርግልኝ አይኖርም፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ከምንኖርበት ከጋርላንድ ተነሥታ ፎርት ዎርዝን አልፋ ወደ ምዕራብ ነዳች። መጀመሪያ ያሳየችኝ የድሮ ወታደሮች ምሽግ ነበር። ምሽግ ስትል ትልቅ ግንብ ጠብቄያለሁ፤ ያገኘሁት ጥቂት የድንጋይ ቤትና በፀሐይ የነደደ ሣር ነው። እኔ ጥላ ስፈልግ እሷ ስልኳ ላይ ትጽፋለች።

«ለማን ነው?»

«ለሥራ ነው።»

«በቅዳሜ?»

«ፖሊስ ነሽ እንዴ ማሚ?» ብላ ሳቀች። ስልኩን ግን ገለበጠችው።

ከዚያ ወደ ፎርት ዎርዝ ተመልሰን ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት ገባን። ባለከብት ሀብታም ለሴት ልጁ የሠርግ ስጦታ ያሠራው ነው አሉ። አስጎብኚዋ ስለ ደረጃው እንጨት ታወራለች፤ ልጄ ትተረጉምልኛለች። እኔ የእንጨቱ ነገር ምኔም አይደለም።

«ባሏን የመረጠላት አባትየው ነው?» አልኳት።

«እሷ ራሷ ናት መሰለኝ» አለች። ፊቷን ወደ ደረጃው አዙራ ነው ያለችው። ከዚህ ሁሉ ቤት መርጣ የሠርግ ቤት ያመጣችኝ ያለ ነገር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ልቤ ነገረኝ።

ቀጥሎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፍሪስኮ። መኪናውን ፓርክ ስታደርግ ቀና ብዬ ሳይ፣ ከላይ እስከ ታች ምስል የተቀረጸበት ግንብ። የህንዶች ቤተ መቅደስ ነው።

«እዚህማ አልገባም።»

«ለማየት ብቻ ማሚ። ቱሪስት ነን፣ ኦኬ?»

ብቻዋን ከምትገባ ብዬ በነጠላዬ ውስጥ እያማተብኩ ተከተልኳት። በሩ ላይ ስደርስ ማንም ሳይነግረኝ ጫማዬን አወለቅኩ። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የደረሰ መስሎታል። ተናደድኩበት፤ መልሼ እንዳላደርግ ደግሞ ሰው እያየ ነው።

ከጫማ መደርደሪያው አጠገብ ሳሪ የለበሰች፣ በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት ቆማለች። ልጄን ስታይ ስሟን ጠርታ አቀፈቻት። ቱሪስት በስሙ ተጠርቶ ይታቀፋል?

«ማሚ፣ እሷ...»

«ገብቶኛል» አልኩ። ክሩን ያሰረችላት የልጁ እናት ናት።

ሴትዮዋ ነጠላዬን አየች፣ አንገቴን አየች፣ ከእግሬ እስከ ራሴ መዘነችኝ። እኔም መዘንኳት። ከዚያ ወደ ውጭ ይዛን ወጣች፤ ከመኪናዋ ክዳን ያለው ሳህን አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ጾም ነኝ በያት።»

«ታውቃለች። ቅቤ የለውም፣ ወተት የለውም። በዘይት ነው።»

«ከጣዖት ቤት የወጣ አልበላም።»

«ቤቷ ነው የተሠራው ማሚ። እዚያ ውስጥ እንዳይገባ ብላ ነው መኪና ውስጥ የተወችው።»

ጾሜን አጥንተዋል፣ እንቢታዬን አጥንተዋል። ከደስታዬ ድንጋጤዬ በለጠ። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ወሬ የሚታወቅ አይደለም፤ ልጄ በዚያ ቤት ስንት ጊዜ በልታለች?

ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ጠየቀች። ልጄ ከንፈሯን ነከሰች።

«ምን አለች?»

«ልጄን ሥጋ ታበሉታላችሁ ወይ እያለች ነው። ጥሬ ትበላላችሁ ሲሉ ሰምታለች።»

«ከዓመቱ የሚበዛው ጾም ነው በያት።»

ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም። ሳህኑን ተቀበልኩ። ቤቷ የሠራችውን ዘርግታ የቆመችን ሴት አይመልሱም።

ሴትዮዋን ተሰናብተን ልጄ ወደ ቤት መንዳት ጀመረች። በኋላ «ማሚ፣ የሆነ ነገር በይ» አለች።

«ልጁ የት ነው?»

«ቤት። ፈራሽ።»

«ፈርቶ እናቱን ይልካል? እኛ ጋ እናት አይላክም። ሽማግሌ ነው የሚላከው።»

«የሱ ሽማግሌዎች ህንድ ናቸው።»

«ጋርላንድ ሽማግሌ አልጠፋም። ከቤተ ክርስቲያናችን ይለምን። የንስሐ አባታችን ካሉበት በሬን እከፍታለሁ።»

«ሶ፣ እሺ ትያለሽ ማለት ነው?»

«ሽማግሌ ሳይመጣ መልስ የሚሰጥ ወላጅ አይቼ አላውቅም። አባ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጥምቀት ነው። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ ያውቃል?»

መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ገና አልነገርኩትም» አለች።

«እንግዲያው ንገሪው። ከዚያ ይላክ።»

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። እውነትም ዘይት ነው። መልሼ ከደንኩት።