በፍኖተ ሰላም፣ ባለ ሦስት አልጋው ክፍል

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ምዕራብ ጎጃምን በአነስተኛ ወጪ ለማየት ነው። ደሞዜ ለሆቴል አይበቃም፤ ስለዚህ በየከተማው የጋራ ክፍል እየተከራየሁ ቡሬ ድረስ ልዘልቅ ወሰንኩ። እውነቱን ለመናገር ከመንገዱ ይልቅ የማላውቀው ሰው ሲያንኮራፋ ማደሩን ፈርቼው ነበር።

ደምበጫ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ሽሮ በላን። ከዚያ ወዲያ በግራም በቀኝም ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ፍኖተ ሰላም የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው።

የአልጋ ቤቷ ባለቤት ለብቻ ከሚያዘው ክፍል በግማሽ ዋጋ ባለ ሦስት አልጋ የሴቶች ክፍል ሰጠችኝ። አንዱን አልጋ የሺ የምትባል የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ይዛዋለች፤ ጆንያዋ ገና ሳልቀመጥ አስነጠሰኝ። ሌላው ላይ ከማንኩሳ ገጠር የመጡት እማማ ጥሩነሽ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ዓለምነሽ ሆስፒታል ምጥ ላይ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ ጠንቶባታል። ባሏ ለቀን ሥራ መተማ ወርዷል። ነርሷ ትንሽ ይረፉ ብላ ብትልካቸውም እሳቸው ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም።

አጠገባቸው ለመውለጃዋ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ቅቤ ቋጥረው አስቀምጠዋል። የሺ ቅቤውን ከሙቀቱ ላንሣልዎት ብላ እጇን ስትዘረጋ ከለከሏት። ሳትገላገል ቋጠሮው አይነካም አሉ። ከዚያም የሆዳቸውን አወጡት።

«አገሬ ቢሆን ጎረቤቱ ሁሉ ደጄ ላይ ማርያም ማርያም ይል ነበር። እዚህ ማን አላት? ብትገላገልስ ማን እልል ይልላታል?»



ጧት

ስንነሣ የእማማ አልጋ ባዶ ነው። እኔና የሺ አብረን ቡሬ ልንሄድ ተነጋግረን ነበር። የሺ ጆንያዋን አየት አድርጋ «ገበያው የትም አይሄድ። እስቲ እንሂድላቸውሳ» አለች።

እማማን ሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ላይ አገኘናቸውና ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ማርያም ማርያም እያልን ረፋዱ አለፈ። በመጨረሻ ነርሷ ብቅ አለችና ሴት ልጅ መወለዷን፣ እናትየውም ደኅና መሆኗን ነገረችን። እማማ እልል ሊሉ ተነሡ፤ ድምፅ የለም፣ እንባ ብቻ። ያን ጊዜ የሺ እልልታውን አቀለጠችው። እኔም ተከተልኩ፤ ሰርግ ላይ እንኳ የማፍር ሰው ነበርኩ። የሌሎች በሽተኞች አስታማሚዎችም ከየጥላው ተቀበሉን።

ቋጠሮው የተፈታው አልጋ ቤቱ ማድቤት ውስጥ ነው። ባለቤቷ ድስት አዋሰችን፣ የሺ ገነፋች፣ እኔ ቅቤ አነጠርኩ። ለዓለምነሽ ትኩሱን አድርሰን እንኳን ማርያም ማረችሽ አልናት።

ቡሬን ያየሁት በማግሥቱ ነው። በየግቢው የተሰጣው በርበሬ ቀይ ምንጣፍ ይመስላል፤ በጣም ወደድኳት።

ቤት

የጋራ ክፍል የያዝኩት ገንዘብ ለመቆጠብ ነበር። በሬን ዘግቼ ለብቻዬ ባድር ኖሮ ስለ ቡሬ በርበሬ ብቻ እጽፍ ነበር፤ ዓለምነሽ የምትባል ሴት መኖሯንም አላውቅም ነበር።

ትናንት እማማ ጥሩነሽ ደወሉ። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ እንድመጣ ጠሩኝ። የት እንደማድር ሲጠይቁኝ እዚያው አልጋ ቤት አልኳቸው። ከፋቸው።

«እልል ያልሽላት ልጅ ቤት እያላት፣ አንች ምን ብለሽ አልጋ ትከራያለሽ?»