አድማጭ 2!

ወላሂ ዱዓው እንዳለቀ ነው ምጽፈው!

ዛሬ እዚህ መካነ ሰላም ቤታችን ዱዓ ነበር፣ እህቴ ዘይነባ ከጅዳ በሰላም እንድትመለስልን። እሷም ሰምታ አሚን እንድትል በኢንተርኔት ሬዲዮ አስተላለፍኩት። ድምፁን ሚያሰራጨው ሰርቨር እዚሁ ቤት ያለው ኮምፒውተር ነው።

ሊንኩን ላኩላት። በኔ ስልክ ጥርት ብሎ ይሰማል። እሷ «ኧረ ምንም የለም! ቶሎ በይ፣ ማዳም ልትመጣ ነው!» ትለኛለች።

ሰርቨሩ «አድማጭ 1» ይላል። ያችም አንድ አድማጭ እኔው ነኝ።

ዱዓውን የያዙት ሸህ ይማም «ልጄ፣ ዘይነባ ትሰማናለች ወይስ ለግድግዳው ነው ምናወራው?» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ፣ እኔ ላለቅስ ደረስኩ።

ለካ የላኩላት በ192 ሚጀምረውን አድራሻ ነው! እሱ የቤታችን ዋይፋይ ላይ ላለ ሰው ብቻ ነው ሚሰራው። ጅዳ ላለ ሰው «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነን» እንደማለት ነው።

መጨረሻው ላይ ያለው 8000 ሚለው የበር ቁጥር እና የፕሮግራሙ ስም ያው ነው። ፊቱን ብቻ በውጭኛው፣ ማለትም ውጭ ያለ ሰው ቤታችንን በኢንተርኔት ሚያገኝበት አድራሻ ቀይሬ መልሼ ላኩት።

«አድማጭ 2»!!! እልል አልኩ፣ በዱዓው መሀል!

ወዲያው ድምጿን ላከች፦ «አሚን! እማ፣ ስታለቅሺ ሰማሁሽ እኮ፣ በቃ አታልቅሺ!» እማ ይሄን ሰምታ ባሰባት።

እናንተስ ለራሳችሁ ብቻ ሚሰራ ሊንክ ልካችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ፣ ብቻዬን አትሳቁብኝ።