የረርን የወጣን ዕለት

ቱሉ ዲምቱ ያለው ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ ጃሪካን ውሃ ተሸክሜ ደረጃውን በወጣሁ ቁጥር ሁለተኛው ፎቅ ላይ ንስሐ እገባለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ንብረቴን አከፋፍላለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሐብት ክፍፍሉ መሐል በደረጃው መስኮት ቀና ብል፣ ዝናብ ያጠበው የረር ተራራ ስንጥቁ ሁሉ እየተቆጠረ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ትንፋሼ ያጠረው በደረጃው ብቻ አልነበረም።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ባቡር ሲያልፍ ብርጭቆዎቻችን ከመደርደሪያ ወርደው ይጨፍሩ ነበር ብል፣ ያጋነንኩት ትንሽ ነው። አባባ የጭነት ባቡር ነጂ ነበር፤ እናቴ ሸሚዙን በምን ብታሸው የናፍጣው ሽታ አይለቅም። በዚያ ዓመት ዓይኑ ይደክም ጀመር። አንድ ቀን ለስልክ እንጨት ባርኔጣውን አንሥቶ «እንደምን ዋሉ» አለው። እኔ ሳቅሁ፤ እናቴ አልሳቀችም። የመሥሪያ ቤቱ የዓይን ምርመራ ደርሶ ነበር፤ ከወደቀ ከባቡሩ ይወርዳል።

ታዲያ ከሐኪሙ በፊት ራሱን ሊፈትን ፈለገና እኔንና ታላቅ እህቴን ጠራን። እሷን እታለም ነው የምላት።

«ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ በየረር ግርጌ አልፋለሁ። ጫፉ ላይ ሆናችሁ በመስታወት አብሩልኝ። ካየሁ ለምርመራው እቀርባለሁ። ካላየሁ ማንም ሳያወርደኝ ራሴ እወርዳለሁ።»

በማለዳው የሰው ባቡር ዱከም ወርደን እርሻውን አቋርጠን መውጣት ጀመርን። አስተማሪያችን የረር ጥንት እሳት ይተፋ ነበር፣ ኋላ ጠፋ ብሎናል፤ እንደኔ ግን እሳቱ አልጠፋም፣ ወደ ጉልበቴ ነው የተዛወረው። ጥቁሩ ባልጩት የኮንጎ ጫማዬን ሶል እንደ ቲማቲም ይከትፈዋል። አንዱን ጉብታ ጨረስነው ስንል ሌላው ከኋላው አንገቱን ያወጣል፤ እንደ ቁጥሬ ከሆነ እስከ እኩለ ቀን ሰባት ተራራ ወጥተናል። በመጨረሻ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ዘጭ አልኩ።

«ተነስ እንጂ! ጫፉ እኮ ያው ነው፣ ከጥዱ በላይ» አለችኝ እታለም።

«እግሬ ተሰብሯል። አጥንቱ ሲጮህ አልሰማሽም?»

«አንተ ቀጣፊ! ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

«ሂጂ በቃ፣ ጅብ ይብላኝ። ለእማዬ አንቺው ትነግሪያታለሽ።»

ጥቂት ተራምዳ ተመለሰች። ከነበርንበት ጉድጓድ ሐዲዱ አይታይም። ወዲያው ከታች የባቡሩ ጡሩምባ ተሰማ፤ ከወትሮው ረዘም አድርጎ ነበር የነፋው፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ራቀ። እታለም መስታወቱን በጉያዋ ከታ አለቀሰች። እግሬ ወዲያው ዳነ።

በማግስቱ አባባ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገባ።

«አየሁት! እንደ ኮከብ ብልጭ አለልኝ!»

እናቴ እልል አለች። እታለም አፏን ስትከፍት ቀደምኳት፤ «ሦስት ጊዜ ነው ያበራነው፣ አባባ!»

«ሦስት ጊዜ! እኔስ ሦስት አይደል ያልኩት!»

አልዋሸም። ማየት ስለፈለገ አየ። ለምርመራው ደረቱን ነፍቶ ቀረበ፣ ከሰሌዳው ላይ ትልቁን ፊደል ብቻ ለየ፣ ለሐኪሙ የየረርን ብርሃን ቢተርክለትም ከባቡሩ በደብዳቤ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ተበድያለሁ እያለ አቤቱታ አስጻፈ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይባል ነበርና ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። «ሦስት ጊዜ የሚለውን አስምርበት» ይለኛል። አሰምርበታለሁ። ለእንግዳ መተረክ ሲጀምር እታለም ተነሥታ ትወጣለች። ኋላ ዓይኑ ጨርሶ ሲጠፋ እንኳ፣ ወደ ቁም ሳጥኑ እየጠቆመ፣ «እዚያ ጫፍ ላይ ነበሩ ልጆቼ» ይል ነበር።

በቀብሩ ዕለት እታለም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ነገርከው?» አለችኝ። ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። እጄን ለቀቀችው።

ዛሬ በዚያ ሐዲድ ባቡር አይሄድም፣ አቤቱታውን የሚቀበሉት አለቆችም አልፈዋል። አንዱን ወረቀት ብቻ እውነቱን አስገብቼ እንደገና ልጽፈው በተመኘሁ ቁጥር፣ ለማን ብዬ እንደምጀምረው ይጠፋኛል።