ፈንታነሽና የእጅ ፍሬኑ

ቢቸና ውስጥ ብየዳ ቤት ብላችሁ ብትጠይቁ ሰው ሦስት አራት ቦታ ይጠቁማችኋል። «ሴቷ በያጅ» ካላችሁ ግን ወደ ፈንታነሽ ነው የምትመጡት። ተወልዳ ያደገችው ሞጣ ነው። ሙያውንም እዚያው አጎቷ ጋራዥ ውስጥ ተማረች። አግብታ ወደኛ ስትመጣ ከልብስ ሻንጣዋ በፊት የብየዳ መነጽሯን ነው ያወረደችው እያሉ ይቀልዱባታል። የኔ ሱቅና የሷ ቤት ግድግዳቸው አንድ ነው። ስኳር ስመዝን ብልጭታው የልጄን ዓይን እንዳይነካት ፊቷን ወደ ውስጥ አዞራታለሁ። እኔ ግን አያለሁ።

ሥራዋ በርና መስኮት፣ አልጋና የውኃ ማማ ነበር። ባጃጅ ከተማውን በሞላበት ሰሞን ልብስ ሰፊው ይስማው ሣጥን በጋሪ አስጭኖ፣ ራሱም በሌላ ጋሪ ተጭኖ መጣ። ይስማው ከብዙ ዓመት በፊት ጤፍ ከጫነ መኪና ላይ ወድቆ ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ሣጥኖቹ ውስጥ የነበረው ተገጣጣሚ መኪና ነው። አንድ የሞጣ ነጋዴ አስመጥቶት፣ ግማሹ ዕቃ ጎድሎ ቢያገኘው ተስፋ ቆርጦ ለይስማው ሸጠለት። ሁለት መቀመጫ፣ አራት ትንንሽ ጎማ፣ ሞተሩ የሞተር ብስክሌት የሚያህል።

«አያ ይስማው፣ ይኼን ምን ልታደርገው ነው?» አለችው ፈንታነሽ።

«ልነዳው።»

«ነዳጁም ፍሬኑም በእግር ነው እኮ የሚሠራው!»

«አንቺ ዘንድ ለምን የመጣሁ ይመስልሻል? እግር በይጂልኝ።»

«ለመሆኑ የት ልትሄድበት ነው?»

«ቀብር።»

ፈንታነሽ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይስማው የሰፈራችን እድር አባል ነው። ከወደቀ ወዲህ ግን የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምለው ከቀብሩም፣ ከድንኳን ተከላውም፣ ከሁሉም ምረውታል። ለደግ ብለው ነው። እንዳለው የሚባለው ጡሩምባ ነፊ፣ ሰው ሲሞት ማለዳ እየለፈፈ ሰፈሩን ያዳርሳል። ይስማው ደጅ ሲደርስ ግን ጡሩምባውን አውርዶ ዝም ብሎ ያልፋል።

«ያ ዝምታው ነው የጨረሰኝ» አላት ይስማው። «ሰው ያልቀበረ ሰው በምን አፉ ቅበሩኝ ይላል? መኪና የወሰደብኝን መኪና ይመልስልኝ።»

ፈንታነሽ ሣጥኖቹን ከፈተች።

ዕቃውን ጆንያ ላይ ደርድራ፣ የጎደለውን በጠመኔ ላሜራ ላይ ሣለች። ሐሳቧ አንድ ዘንግ ነበር፤ ወደ ራሱ ሲስበው ነዳጅ የሚሰጥ፣ ወደ ፊት ሲገፋው ፍሬን የሚይዝ። ብረት ከመንካቷ በፊት ከባሕር ዛፍ ጠርባ የይስማው መስፊያ ወንበር ላይ አሰረችለት። እጁ ይልመደው ብላ ነው። ይስማው አንድ እጅጌ ሰፍቶ ዘንጉን ይገፋል፣ አንድ ኪስ ሰፍቶ ይስባል። አላፊ አግዳሚው መዝናኛ አገኘ።

«ይስማው፣ የት ደረስክ? ደጀን?»

«ዓባይ ድልድይ ላይ ነኝ፤ አታዘናጋኝ!»

ከዚያ ወደ ብረት ገባች። የመጀመሪያው ዘንግ ጎበጠ። ሁለተኛውን በይዳ ስትጨርስ ድንጋይ ላይ አጋድማ በእግሯ ረገጠችው፣ ተሰበረ። እኔ በሱቄ መስኮት ሆኜ «ምነው በገዛ እጅሽ!» ብል፣ «እኔ ልስበረው እንጂ ቁልቁለቱ አይስበረው» አለችኝ። ሦስተኛውን ብትረግጠው እምቢ አላት። የዘንጉ ማጠፊያ የሚሽከረከርበት ፒን ግን ብረት በሚቀርጸው ማሽን፣ በቶርኖ፣ መውጣት ነበረበት። ዘንጉን በነጠላ ጠቅልላ በአውቶቡስ ሞጣ ሄደች።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ሞፈር ነው?» አላት ባለ ቶርኖው።

«ፍሬን ነው።»

«የምን? የበሬ?»

«አንተ ፒኑን አውጣልኝ፤ በሬው ሲቆም ወሬው ይደርስሃል።»

መኪናዋ ተገጥማ ሜዳ ላይ ስትሞከር ይስማው በሸሚዙ ተቀምጦ ሄደ፣ ዞረ፣ ቆመ። እልል ተባለ። ሚስቱ ዘሪቱ ብቻ እጇን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

ጥር ላይ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። ይስማው ጋቢውን ለብሶ በመኪናዋ ከቀባሪው ኋላ ተከተለ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ መጨረሻው ቁልቁለት ነው። እዚያ ሲደርስ ፍሬኑን ገፋ። ዘንጉ አልሄድ አለ። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የሰው ጭድ ክምር ውስጥ ተሰነቀረች። ጫጫታው ሲበርድ ይስማው ራሱ ላይ ጭድ ይዞ ብቅ አለ፤ ምንም አልሆነም። በለቅሶ መሐል የሳቀም ነበር።

ጋሽ ደምለው መጥተው ጭዱን ከትከሻው አራገፉለት። «ልጄ፣ እኛ ምረንሃል፤ አንተስ ራስህን ብትምር ምናለ?» አሉት።

 ሲፎክር የኖረው የይስማው አፍ በዚያ ቀን ተዘጋ። ዘሪቱ በማግሥቱ ብየዳ ቤቱ መጣች።

«ፈንታነሽ፣ ንቀይው። ልጆች አሉኝ።»

«እቴ ዘሪቱ፣ ምን እንደያዘው ሳላውቅ አልነቅለውም። ካወቅሁ በኋላ ንቀይ ካልሽኝ እነቅላለሁ።»

መኪናዋ ሥር ገባች። ከማጠፊያው ክፍተት ውስጥ የተቦጨቀ ነጭ ክር ይዛ ወጣች። ማጠፊያው ያለው ከይስማው ጉልበት አጠገብ ነው፤ የጋቢው ጫፍ ከትከሻው ተንሸራቶ እዚያ ገብቶ ነበር። ዘንጉ የተወሸቀውን ጋቢ ገፍቶ ቀረ እንጂ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም።

«ታዲያ ጋቢውን አውልቆ ይንዳ!» አለ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ።

«ቀብር በሸሚዝ?» አለ ይስማው። ከጭዱ ወዲህ ሲናገር የመጀመሪያው መሆኑ ነው። «እንዲያማ ከሆነ ቤቴ ልቀመጥ።»

ፈንታነሽ ክሩን ወደ ይስማው ዘረጋች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «የለካሁት ልብስ ሰፊውን ነው። ቀባሪውን አልለካሁም።»

እንደገና ጀመረች። የባሌን ጋቢ ተዋሰችኝና ለብሳው መኪናዋ ላይ ወጣች። ለለቅሶ እንደሚለበሰው ለበሰች፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚያደገድጉት አደገደገች፣ በብርድ እንደሚከናነቡትም ተከናነበች። ጫፉ በየት በየት እንደሚወርድ በጠመኔ ምልክት አደረገች። (ጋቢው ግራሶ ነክቶት ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ አልለቀቀም።) ማጠፊያውን ከጉልበት አጠገብ አንሥታ ከወለሉ ሥር ከተተችው። ከወለሉ በላይ ብቅ የሚለው እጀታው ብቻ ሆነ። እጀታው የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ክፍት ነው፤ ጨርቅ ይገባበታል። እሱን በምን ትድፈነው? ላሜራ እንዳታደርግበት ዘንጉ መንቀሳቀስ አለበት።

ይስማው አጎንብሶ አየና፣ «ይኼማ የኔ ሥራ ነው» አለ። ካረጀ ኮርቻ ላይ ቆዳ ቆርጦ፣ አፉ ጠባብ ግርጌው ሰፊ የሆነ እጅጌ ለዘንጉ ሰፋለት። ፈንታነሽ ግርጌውን ከወለሉ ጋር በቡሎን አሰረችው። ከዚያ ሁለቱም የጋቢ ጫፍ ይዘው እንደ ጠላት ሊያስገቡበት ታገሉ። በደረቁ ሞከሩ፣ አርጥበው ሞከሩ። አልገባም።

«እንግዲህ አውቄዋለሁ» አለች ፈንታነሽ ለዘሪቱ። «ልንቀለው?»

ዘሪቱ መኪናዋ ላይ ከባሏ ጎን ወጥታ ተቀመጠች። «እዚያው ቁልቁለት ውሰደኝ» አለችው። «ጋቢህን በደንብ ልበስ።»

እኔና ፈንታነሽ ከላይ ሆነን አየን። ቁልቁለቱ መሐል ላይ ደርሰው መኪናዋ ቀጥ አለች። ዘሪቱ ወርዳ የምትሄድ መስሎን ነበር።

«ድገመው» ስትል ሰማናት።

ደገመው። እስኪበቃት ድረስ አስደገመችው። ሲመለሱ ጋሽ ደምለው ደጃቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ፈንታነሽ ጠጋ ብላ፣ «ጋሽ ደምለው፣ ከመኪናዋ ኋላ የድንኳን እንጨት የሚይዝ መደርደሪያ ልበይድላት ነው። ይጠቅማችሁ ይሆን?» አለቻቸው። እሳቸው መኪናዋን ዞሩ፣ ዘንጉን ራሳቸው ገፉት፣ ሳቡት። «እስቲ በይጂው» ብለው ገቡ።

መደርደሪያውን በየደችው። ሰነባበተ።

አንድ ቀን ማለዳ ሱቄን ስከፍት የእንዳለው ጡሩምባ ተሰማ። እየለፈፈ ወደኛ ወረደ። ይስማው ደጅ ሲደርስ እንደ ልማዱ ዝም አለ። ፈንታነሽ መጥረጊያ ይዛ በሯ ላይ ደርቃ ቀረች። እንዳለው ግን ትንፋሹን እየሰበሰበ ኖሯል፤ ጡሩምባውን አንሥቶ እስኪበቃው ነፋና፦

«ይስማው! ድንኳኑን ጫን ብለዋል ጋሽ ደምለው! እንዳትዘገይ!»

ከውስጥ የመቀስ መውደቅ ተሰማ፤ ቀጥሎም የይስማው ድምፅ፦

«ዘሪቱ! ጋቢዬን!»