‘ሽ’ የሌለው ማህተም

እናቴ አንድ ነገር አጥብቃ ትጠላ ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ «እንኳን አደረሰዎ» መባልን። ጳጉሜ አንድ ላይ መንገድ ያገኛት ሰው ቸኩሎ እንዲህ ካላት ፊቷ ይለዋወጥና «ያድርሰን በል ልጄ፣ ያድርሰን! ማን ደረሰና ነው አደረሰ የምትለው?» ትለዋለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ በሐፍረት መሬት መሬት አያለሁ። ዛሬ እንዲህ የምለው እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ከእሷ ብሼ።

እንግዲህ የዚህች ሴት ልጅ ሆኜ ነው የዓውዳመት ካርድ መሥራት የጀመርኩት። ቀን ቀን ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ካርድ። ወፍራም ወረቀት ፒያሳ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገዝቼ እቆርጣለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ከዚያ ከጎማ በተቀረጹ ማህተሞች አደይ አበባውን በቢጫ፣ ቅጠሉን በአረንጓዴ፣ ጽሑፉን በሐምራዊ እመታለሁ። ማህተሞቹን የሚቀርጹልኝ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለመሥሪያ ቤትና ለዕድር ማህተም ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተወለዱት ጉራጌ አገር፣ ያደጉት አራዳ። ጎማ ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ስለሆነ «እኔ እኮ በቀጥታ የተጻፈ ነገር ሳይ ስህተት ይመስለኛል» ይላሉ።

ለጽሑፉ ሦስት ቁራጭ ነው የቀረጹልኝ። አንዱ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል፣ ለቤተሰብ የሚሆን። ሁለተኛው «እንኳን አደረሰ» ብሎ የሚቆም። ሦስተኛው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ፣ «ዎ» ብቻ ያለበት። እሳቸው «ጭራው» ይሉታል። አደረሰ ላይ ዎን ስትቀጥልበት ለትልቅ ሰው የሚሰጥ ካርድ ይሆናል። «ህንም ሽንም ልቀርጽልሽ?» ሲሉኝ «ኧረ ጋሼ፣ ማን ሊገዛኝ! ሰው ካርድ የሚገዛው ለአለቃውና ለአማቱ ነው» ብዬ ተውኩት።

እናቴ ደግሞ ዕድሜዋን መዝገብ ቤት የሠራች ሴት ናት። ደብዳቤ ሲወጣ ማህተም የምትመታው እሷ ነበረች። ሳይፈረም ማህተም ምቺ ካላት አለቃ ጋር ተጣልታ ስንት ጊዜ ሳይነጋገሩ እንደኖሩ በኩራት ታወራለች። «ማህተም ምስክር ነው» ትላለች። «ያልሆነውን ሆነ ካለ የሐሰት ምስክር ነው።» ነሐሴ ላይ ጠረጴዛዬን የሞላውን «እንኳን አደረሰዎ» ስታይ ታማትባለች። ብዙ ተጨቃጭቀን በኋላ ተስማማን። የሚሸጠው ይሸጥ፤ ገዢው በቀኑ ይሰጠዋል። የእሷ ካርድ ግን አበባው ብቻ ታትሞ ይቆያል፤ ጽሑፉ የሚመታው በእንቁጣጣሽ ጠዋት፣ እፊቷ ተቀምጬ ነው።

በየዓመቱ እንዲያ እናደርግ ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ትቀመጣለች። እኔ የማህተም ሳጥኔን ከፍቼ «እንኳን አደረሰ»ን እመታለሁ፣ ቀጥዬ «ዎ»ን። እሷ መነጽሯን አድርጋ ታነብና «ዓመቱን ሙሉ አንቺ ስትዪኝ ከርመሽ በዓመት አንድ ቀን አንቱ ትዪኛለሽ! ዛሬ ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ትላለች። «ሽ የለኝም እማዬ» እላታለሁ። «ወይ ጉዴ፣ ልጅ ወልጄ ሽ አጣሁ!» ትላለች። በየዓመቱ ያቺው ቀልድ ነች፣ በየዓመቱ እንስቃለን። ካርዱን ብፌው መስታወት ላይ ትሰካዋለች፤ ዘጠኝ ደርሰው ነበር።

ባለፈው ክረምት ግን ገና ከመግባቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ እሷን ውጭ አስቀምጦ «ልባቸው ደክሟል» አለኝ። «ደረጃ አይውጡ፣ ዕቃ አያንሡ፣ አይናደዱ።» የእኛ ቤት ደግሞ ፎቅ ላይ ነው፤ አሮጌ የእንጨት ቤት፣ አሥራ አራት ደረጃ ያለው፣ ማን እየወጣ እንደሆነ በጩኸቱ የሚያስታውቅ። እናቴ ስትወጣ ከውስጥ ሆኜ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ዘጠነኛው ላይ ነበር የምታርፈው። በሐምሌ ስድስተኛው ላይ ሆነ። በነሐሴ ሦስተኛው ላይ ትቆማለች፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማም። እኔም እስክትነሣ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።

ለእንቁጣጣሽ ትድረስልኝ፤ ሌላ ልመና አልነበረኝም። ለምን እንቁጣጣሽ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሰው ሲፈራ የሆነ ቀን ይቆርጣል። ያቺን ቀን ካለፈች ዓመቱን ሁሉ የምትኖር ይመስለኝ ነበር።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሐኪም ቤት ስንመለስ ታክሲውን ድልድዩ ጋ አስቆመችው። «ማህተም ቀራጩን ሰላም ልበላቸው» ብላ ብቻዋን ወረደች። ልከተላት ስል በእጇ ከለከለችኝ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሾፌሩ ያጉረመርማል፣ እሷ አትመጣም። ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትመለስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው።

«ምን ስታወሩ ነው ይሄን ያህል?» አልኳት ተናድጄ።

«የሽማግሌ ወሬ ነው፣ ምን ያደርግልሻል» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያየሁት ሁሉ ደስ አይለኝም። የግራ ዓይኔ ይርገበገባል፤ አንድ ሳምንት ሙሉ። ሐምራዊው የቀለም ጠርሙስ በእጄ ላይ ተገልብጦ ሃያ የደረቀ ካርድ አበላሸብኝ፤ ቀለሙ ከጠረጴዛው ወደ ወለሉ ሲንጠባጠብ እናቴ አይታ ምንም አላለችም። የድሮዋ እናቴ ብትሆን ቤቱን በጩኸት ታናውጠው ነበር። እሷ ግን ቁም ሳጥኗን ማስተካከል ጀመረች። ነጠላዎቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ለየቻቸው። ከጎረቤት የተዋሰችውን ድስት መለሰች። የዕድር ደብተሯን አውጥታ ሬዲዮው ላይ፣ ሰው በቀላሉ በሚያገኝበት ቦታ አስቀመጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» ብዬ ጮህኩባት።

«ዓውዳመት አይደል እንዴ? ቤቴን ላስተካክል» አለች።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ ደረሰ የሚለውን ቃል ራሱን ፈራሁት። ካርዶቹ ላይ «አደረሰ»ን ስመታ ፊቴን አዞር ጀመር። ጠማማ እየሆነ ታተመ፣ ደንበኞቼም ምን ነካሽ አሉኝ።

ጳጉሜ ሦስት የሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወርጄ ካልተጠመቅሁ ብላ አስቸገረችኝ። እንቢ ብዬ በረንዳው ላይ አስቀመጥኳት። እጇን አውጥታ ዝናቡን በመዳፏ ሰብስባ ፊቷን አበሰች። ከዚያ እኔን አጎንብሺ አለችኝና ያንኑ እርጥብ እጇን ራሴ ላይ አኖረችው። ከባድ አልነበረም፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹን ካርዶች እያሰርኩ ሳለ ከአልጋዋ ተነሥታ መጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ተደገፈች።

«እስቲ ያንን ማህተምሽን ስጪኝ» አለችኝ። «ካርዴን ዛሬ ልምታው።»

እጄ ላይ የነበረው ሲባጎ ወደቀ። ካርዶቼን ስታይ የምታማትብ ሴት፣ ዕድሜ ልኳን «ማን ደረሰና» ስትል የኖረች ሴት፣ ቀኑ ሳይደርስ ካርዴን ልምታ አለች! ታውቃለች ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። እንደማትደርስ ታውቃለች።

«አይሆንም!» አልኳት።

«ለምን?»

«አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ? ሳይፈረም አይመታም ያልሽው አንቺ አይደለሽ? ቀኑ ሳይደርስ አደረሰ አይባልም! ሟርት ነው ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ ነኝ» አለች እየሳቀች። ሳቁ ትንፋሿን አሳጠራት። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የምሽረውም እኔ። አምጪው ልጄ፣ ዛሬ እጄ አይንቀጠቀጥም።»

«ነገ ማታም አይደለም፣ ከነገ ወዲያ ጠዋት! እንደ ሁልጊዜው! አፍሽን በዳቦ!»

እናቴን ነው አፍሽን በዳቦ ያልኳት። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ ለጥቂት ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እሺ፣ ተይው» አለችና እየተደገፈች ወደ አልጋዋ ተመለሰች። እኔ ምን አደረግሁ? ተነሥታ እንዳትወስደው ብዬ ሳጥኑን ቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ፣ እጇ በማይደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። እሷም ስሰቅለው አልጋዋ ላይ ሆና ታየኝ ነበር።

የጳጉሜ የመጨረሻዋ ቀን ጠዋት ካርዶቹን ለሱቆቹ ለማድረስ ወጣሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ወርጄ፣ ታክሲ አጥቼ በእግሬ ተመለስኩ። ሰዉ ዶሮ አንጠልጥሎ፣ ቄጠማ ታቅፎ ይጋፋል። የማውቀው የሱቅ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «እንኳን አደረሰሽ!» አለኝ። «ያድርሰን በል!» ብዬ ጮህኩበት፤ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ከዚያ ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም። አሥራ አራቱን ደረጃ ስወጣ ከላይ አንድም ድምፅ አልነበረም።

የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ከቦታው ተነሥቶ ቁም ሳጥኑ ሥር ቆሟል። የማህተም ሳጥኑ እላይ እንዳለ ነው፤ አልተነካም። እናቴ አልጋዋ ላይ፣ ነጠላዋን ደርባ፣ ለእፎይታ ጋደም ያለች መስላ ተኝታለች። እጇን ስነካው አወቅሁ።

ሴቶቹ ሲያጥቧት ከቀሚሷ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ሰጡኝ። ፈታሁት፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የጎማ ማህተም ነው። ተገልብጦ የተቀረጸ ፊደል። ሽ ነው።

አልቅሼ አላባራሁም። ቀልዷን ይዛ ሄደች፣ አንቱ መባሉ ሰልችቷት ዘንድሮ ሽን ራሷ አስቀርጻ ጠብቃኝ ነበር አልኩ። ለራሷ መስሎኝ።

በእንቁጣጣሽ ዕለት ቀበርናት። በዚያ ቀን ለእኔ እንኳን አደረሰሽ ያለኝ ሰው የለም፤ ሐዘን ላይ ላለ ሰው አይባልም። አበባ ይዘው የሚዞሩት ልጆች እንኳ ከድንኳኑ ሲደርሱ ዘፈናቸውን አቁመው በዝምታ አለፉ። የሚገባው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይለኛል፣ እኔም «አሜን» እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማህተም ቀራጩ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው አጠገቤ ተቀመጡ። ጠጋ ብለው «እናትሽ ካርዱን ሰጡሽ?» አሉኝ።

«የምን ካርድ ጋሼ?»

ደነገጡ። ያወቅሁ መስሏቸው ነበር። «የሽን ጭራ ያስቀረጹኝ ለሱ አይደል? ወንበሬ ላይ ተቀምጠው አስጨርሰውኝ እኮ ነው የሄዱት። ‘በየዓመቱ እሷ ትሰጠኛለች፣ እኔ አንድ ቀን ሰጥቻት አላውቅም፤ ዘንድሮ ካርዴን እኔ ልስጣት’ አሉ። ‘ዎው አይሆንም ወይ?’ ብላቸው ‘ልጄን አንቱ ልበላት እንዴ?’ ብለው ሳቁብኝ።»

ካርዴን ያለችው የምትሰጠኝን ነበር።

«እኔም እንደምታውቂያቸው ነውና» አሉ ሽማግሌው፣ «‘እትዬ፣ ቀኑ ሳይደርስ ሊመቱት ነው? ከመቼ ወዲህ?’ ብዬ ቀለድኩባቸው። ‘ለእሷማ ይደርሳል’ አሉኝ።»

ሳጥኑን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወረድኩት ከአርባዋ በኋላ ነው። ለእሷ አበባውን ብቻ መትቼ ያቆየሁት ካርድ ውስጡ አለ፤ አሁንም ባዶ ነው። ካርድ መሥራቱን አልተውኩም፤ ዘንድሮም ደንበኞች መጥተዋል። ትናንት አንዲት ልጅ መርጣ መርጣ ስታበቃ «ለእኅቴ ነው፣ ዎውን ትተሽ በሽ አድርጊልኝ» አለችኝ።

«ሽ የለኝም» አልኳት። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።