የማንም ያልሆነው ዶሮ

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ፣ ከቤቴ ሁለት በር ወረድ ብሎ ካለው ግቢ ደጃፍ አንዲት ወጣት ሴት ቀይ ዶሮ በክንፉ ይዛ ቆማለች። ወደ ቺሮ በቅርቡ የመጣች ተከራይ ናት፤ ባሏ ሾፌር ስለሆነ በዓሉን መንገድ ላይ ነው የሚውለው። ከእኔ ቀድመው ያለፉት ሦስት ሰዎች ኮፍያ ያደረጉ ሙስሊሞች ስለነበሩ አልጠየቀቻቸውም። እኔን ስታይ ግን ፊቷ በራ።

«አባባ፣ እባክዎ ይባርኩልኝ» አለችና ቢላዋውን በእጀታው በኩል ዘረጋችልኝ።

ቆሜ ቀረሁ። በዕድሜዬ ያረድኩት አንድ ዶሮ ብቻ ነው፤ እሱም ጉድ አፍልቷል።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከተማችንን አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር፤ እኛ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያመልጠናል። ሒሳብ ላስተምር ተመድቤ ከገለምሶ መጣሁ። አባቴ እዚያ መምህር ነበር፣ የክርስቲያን ልጅ፤ እናቴ ደግሞ የሙስሊም ልጅ። ሲጋቡ የሁለቱም ዘመድ ፊቱን አዞረባቸው፤ እነሱም በንዴት ሁለቱንም ሃይማኖት እርግፍ አድርገው ተዉት። እኔን ክርስትና አላስነሱኝ፣ ቁርዓን ቤት አልላኩኝ። «ስታድግ ራስህ ትመርጣለህ» ይለኝ ነበር አባቴ። አደግኩ፤ አልመረጥኩም።

በእኛ አገር ደግሞ ሥጋው ሳይቀር ሃይማኖት አለው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት አለ፣ የሙስሊም ሥጋ ቤት አለ። ሰው ሃይማኖትህን ፊት ለፊት ከሚጠይቅህ «የማንን ነው የምትበላው?» ቢልህ ይቀለዋል። እኛ ቤት የተገኘው ነበር የሚበላው።

እናም ክርስቲያኖችን የማያቸው ያልተጠራበትን ሠርግ በአጥር ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚያይ ልጅ ነበር። ቅቤ ረቡዕ ኃጢአት ሆኖ ሐሙስ በረከት የሚሆነው እንዴት ነው? ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሥጋ የሚያስረሳስ ምን ዓይነት ነገር ነው? ለአባቴ መልሱ ቀላል ነበር። «ለይሉኝታ ነው» ይል ነበር። «ክርስቲያንን ብቻውን ከድስት ጋር ተወው፤ ሲልስ ታገኘዋለህ።» እኔም አምኜዋለሁ። ግን በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር፤ ነገሩ ያሳክከኝ ነበር።

አከራዬ እትዬ ዘውዴ ይባላሉ። ባላቸው የሞቱባቸው የሁለት ሴት ልጆች እናት፣ አጭር፣ ፈጣን፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ ሴት ናቸው። ማድ ቤቱ የጋራ ስለሆነ የሚያከራዩት ለክርስቲያን ብቻ ነው፤ ድስታቸው እንዳይቀላቀል። ስሜ ደረጀ መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

«የክርስቲያን ልጅ ነህ አይደል?»

«አዎ» አልኩ። በአባቴ በኩል ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«ታዲያ ማተብህ የታለ?»

«ተበጠሰብኝ።»

በማግሥቱ ጥቁር ክር ገዝተው መጡና በእጃቸው አንገቴ ላይ አሰሩልኝ። ቤቱን እንዲህ ነው ያገኘሁት።

ጾሙ ሲገባ ሥራዬ እሳቸውን መከታተል ሆነ። የክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት የሚያየው ማድ ቤቱን ነው። እሳቸው ቀን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ይውሉና ከቅዳሴ በኋላ ሱፍ ፍትፍት ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንች ይቀምሳሉ። እኔ በነጋ በጠባ ጾመኛ መስዬ እወጣና፣ ከገበያው ጀርባ ካለ ምግብ ቤት የፍየል ጥብሴን ጥርግ አድርጌ፣ አፌን በሎሚ ተጉመጥሙጬ እመለሳለሁ። «አይዞህ መምህር፣ ከስተሃል፣ በርታ» ይሉኛል። እፍረት የለኝም ነበር፤ ምነው ባፈርኩ።

የቅዳሜ ሹር ዕለት ጠዋት፣ ሌሊቱን የዘነበው የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ዋናውን መንገድ ይዞ የሚያልፈው የጫት መኪና ጡሩንባ እየነፋ ጭቃውን ይረጫል። እትዬ ዘውዴ ቄጤማ ራሳቸው ላይ አስረው በሬን አንኳኩ። ዶሮ በአንድ እጅ፣ ቢላዋ በሌላው።

«ደረጀ፣ በቤታችን ወንድ አንተ ብቻ ነህ። ባርክልን።»

ሴት አታርድም፤ አራጁ ደግሞ የተጠመቀ ወንድ መሆን አለበት። ይህን አውቃለሁ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን ይቺ የማወቅ አባዜ አለች! እስቲ ምን ይሆናል? ዶሮው ይናገርብኛል? ቢላዋውን ተቀበልኩና ሲባል እንደሰማሁት «በስመ አብ ወወልድ» ብዬ አረድኩት። ሰማይ አልተደረመሰም።

«እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ዋሉ። ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግመው አጠቡ፣ አሥራ ሁለት ብልት አወጡ፣ ሽንኩርቱን አቁላሉ። ሽታው ግቢውን ሞላው። እሳቸው ከሐሙስ ጀምሮ አክፍለዋል፤ እህል በአፋቸው አልዞረም። ዘጠኝ ሰዓት ግድም ልጆቹ ጎረቤት ሲሄዱ እሳቸው ማድ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። እኔም መስኮቴ ሥር ተለጠፍኩ። የአባቴ ቃል የሚፈተንበት ሰዓት ደረሰ አልኩ።

ጭልፋውን አነሱ። ወደ አፋቸው ሳይሆን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አሸተቱ፣ አሰቡ፣ ቁንጥር ጨው ጨመሩ፤ እንደገና አሸተቱ። ከዚያ ወጡ አውራ ጣታቸው ላይ ጠብ አለ። ቆም ብለው ጣታቸውን አዩት። እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለት ቀን ያልበላች ሴት፣ ማንም በሌለበት፣ አንድ ጠብታ። በመቀነታቸው ጫፍ ጠረጉት።

እሳቸው አንዲት ጠብታ ያልነኩለትን ጾም ነገ ማለዳ የሚፈቱት በእኔ ውሸት ነው። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ብናገር ደግሞ ቤቱም ይሄዳል፣ የልጆቹም በዓል ይበላሻል። እግሬ ግን ቀድሞኝ ማድ ቤት ደረሰ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ያን ዶሮ እንዳይበሉት። እኔ አልተጠመቅኩም።»

በርጩማው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «እስላም ነህ?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚባል ሰው አለ እንዴ?» አሉና ድስቱን አዩት፤ ከዚያ እኔን። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አለማመንህን ተወው፤ እሱ ያንተና የፈጣሪ ጉዳይ ነው። የማታምንበትን ስም ጠርተህ በእኔ ላይ ለምን አሾፍክ? ምን አደረግኩህ?»

ሲያለቅሱ የሰሙት ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በአጥሩ ሽንቁር ብቅ አሉ። ነገሩ ሲገባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ያ ረቢ! ዘውዴ፣ እኛም እኮ አንበላውም። ቢስሚላህ አላለበትም። ወላሂ ይሄ ዶሮ የማንም አይደለም!»

የእትዬ ዘውዴ ትንሿ ልጅ መስከረም ከጎረቤት ተመልሳ ሰምታለች። «እማዬ፣ እንቁላሉስ? እንቁላል እኮ አይታረድም!» አለች። አዴ ፋጡማ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እትዬ ዘውዴም እያለቀሱ ሳቁ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አዴ ፋጡማ ሄደው ከራሳቸው ጓሮ አንዲት ዶሮ በሕይወቷ ይዘው ተመለሱ። «በይ፣ የሚባርክልሽን ፈልጊ» አሏቸው።

«እሱ ይፈልግ» አሉ እትዬ ዘውዴ በጣታቸው እያሳዩኝ።

ዶሮዋን ታቅፌ ደጃፍ ቆምኩ። ጫት ተሸካሚ መጣ፤ ሙስሊም ነው። ጋሪ ነጂ መጣ፤ እሱም። ተማሪዎቼ እየተጠቃቀሱ አለፉ። ዶሮዋ ሸሚዜ ላይ ኩሷን ጣለችብኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አገኘሁና ለመንኳቸው። ባረኩልኝ። አዲሱን ሽንኩርት የላጥኩት እኔ ነኝ፣ እስኪመሽ።

እሑድ ማለዳ ዕቃዬን ሸክፌ ልሰናበት ወጣሁ። ሁለት ድስት ቀርቧል። እትዬ ዘውዴ አንዱን ወደ እኔ ገፉት።

«ያ የእኛ ነው። ይሄ ያንተ ነው። ተቀመጥ።»

«ልሄድ ነው፣ እትዬ።»

«ወዴት? ዛሬ አንተን ከቤቴ ካስወጣሁ ሃምሳ አምስት ቀን የጾምኩት ለምኔ ነው?»

ተቀመጥኩ። ስንበላ አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ። እሳቸው ግን ንዴታቸው በርዶ የማወቅ አባዜው ወደ እሳቸው ዞረ። በእጃቸው የያዙትን ጉርሻ ረስተው ያዩኝ ጀመር።

«ደረጀ፣ አትቀየመኝና ... ሲጨንቅህ ማንን ነው የምትጠራው?»

«ማንንም።»

«ማንንም? ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«ምስኪን!» አሉ ከልባቸው። ተናደድኩ። የማዝንላቸው እኔ ነበርኩ እኮ! ያን ዶሮ ሦስት ቀን ብቻዬን በላሁት። ማተቡን ልፈታላቸው ስል «ተወው፣ ሲበጠስ ይበጠሳል» አሉኝ። ሌላ ሦስት ዓመት እዚያው ቤት ኖርኩ፤ የሐሰት ጾሜም በዚያው አበቃ።

አሁንም አላምንም። ድስት ሲልሱ የሚገኙ ክርስቲያኖችንም ቢሆን በዕድሜዬ አይቻለሁ፤ አባቴ ጨርሶ አልዋሸም። ግን አንዷን በመስኮት አይቻታለሁ።

እና ያቺ ወጣት ቢላዋ ዘርግታ ስትጠብቀኝ «እኔ አልሆንሽም ልጄ፣ አልተጠመቅኩም» አልኳት። ደነገጠች፣ ይቅርታ ጠየቀች። «ነይ፣ እኔ ልያዝልሽ፤ የሚሆንሽን አብረን እንፈልጋለን» ብዬ ዶሮውን ተቀበልኳት። ጥቂት ቆመን ስንጠብቅ በጎን እያየችኝ ቆየችና አላስቻላትም።

«አባባ፣ አይቀየሙኝና ... ሲጨንቅዎት ማንን ይጠራሉ?»

እንደዚያ ማለዳ «ማንንም» ልላት ነበር። ነገር ግን አንድ ክረምት በሚኒባስ ከበደሳ ከተማ ስመለስ የሆነውን አስታወስኩ። ሚኒባሱ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደ። ከጎኔ ያለው ሰውዬ «ያ ረቢ!» አለ። ከኋላ ያለችው ሴት «ድንግል ማርያም!» ብላ ጮኸች። እኔም ሳላስበው ጮህኩ። መኪናው አፋፉ ላይ ቀጥ ሲል ሰውዬው ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ።

«እትዬ ዘውዴ ማን ናቸው?»

«አከራዬ ነበሩ» አልኩት።